ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት

በደሴ በሆጤ ሜዳ ኳስ ሲያባርሩ የሚውሉትን ልጆች አይቶ «ይህ ሁሉ ሩጫ ነገ ምን እንጀራ ይሆናል?» በማለት ልጁን የሚከለክል አባት አይታጣም። ጥያቄው የአባት ጥያቄ ስለ ሆነ አንንቀውም፤ ነገር ግን ከመከልከሉ በፊት የሁለት ሰዎችን ታሪክ ያስብ ዘንድ እንለምነዋለን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የስመ ጥሩው ባለቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወልደው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ብዙ ዘመን ተጫወቱ፤ ኋላም አሠልጣኝ ሆኑ። እግሩ የሠለጠነ ሁሉ ሌላውን ማሠልጠን አይሆንለትም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብጽ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ግጥሚያ፥ ቡድናቸው ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ እኩል ሆነ። አሠልጣኝ በዚያች ሰዓት ራሱ ገብቶ አይመታም፤ ያስተማራቸውን አምኖ ዳር ይቆማል እንጂ። ተጫዋች ለነበረ ሰው ከዚህ የሚከብድ ፈተና ያለ አይመስለንም። በተጨመረው ጊዜ የአምበሉ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ፤ ጨዋታውም 4 ለ 2 ተፈጸመ።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መሩ። የጎንደሩ ተወላጅ አቶ መንግሥቱም በተራቸው አሠልጣኝ ሆነው ዳር ቆሙ፤ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በእርሳቸው አሠልጣኝነት ነው።