ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የፍሬኑ?

የዛሬው ጽሑፋችን አሮጌ ላንድሮቨር በደጁ ላቆመ አባወራና አብሮት ለሚሳፈር ቤተሰቡ ነው። በተለይ የምናነሣው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1971 እስከ 1985 የተሠራውን፣ አራቱም እግሩ የታምቡር ፍሬን ያለውን ባለ ቤንዚን መኪና ነው። ዕድሜው ቢገፋም ያለ ኮምፒዩተር፣ በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ይመረመራልና ባለቤቱ ራሱ ብዙ ነገር ሊያውቅለት ይችላል።

መኪናው ዳገት እምቢ ይላል፤ ራዲያቶሩ ይፈላል፤ ቤንዚን ይበላል። ወዲያው ካርቡራቶር ይፈታል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ አልሆን ሲል ቴስታታው ይወርዳል። አንድ የአሶሳ ጎረቤቴ ይህን ሁሉ አድርጎ ለልጆቹ ትምህርት ያስቀመጠውን ገንዘብ ጨረሰ። ከኋላ ግራ እግሩ የሚወጣውን የመቃጠል ሽታ ያስተዋለችው ባለቤቱ ናት። ሸራው ታምቡሩን ይዞ አልለቅ ብሎ ኖሯል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ሲጎትት የከረመው ግን የታሰረ መኪና ነው። እንዲህ የጋለ ፍሬን ይዞ ከመንዲ ወደ ባምባሲ ሲኬድ ወደ ዳቡስ ወንዝ ቁልቁል መውረድ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ይህን ያድርጉ። በሜዳ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው፣ ፍሬን ሳይረግጡ መኪናው በራሱ እንዲቆም ይተዉት። ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር ያስጠጉ፤ አይንኩት። አንዱ ብቻ ከጋለ ችግሩ እዚያው እግር ላይ ነው። አራቱም ከጋሉ ፔዳሉን ይመልከቱ፤ ገና ሲነካ የሚይዝና ትንሽ እንኳ ባዶ ጉዞ የሌለው ከሆነ፣ በፍሬን ፖምፓው ውስጥ ዘይቱ የሚመለስባት ቀዳዳ አልተከፈተችም ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑንም አይርሱ። በዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ነው፤ እሱም የራሱ ታምቡር አለውና ሊግል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። አንዱን የኋላ እግር በክሪክ ካነሱ የእጅ ፍሬኑ መኪናውን አይዘውም፤ አየር ላይ ያለው ጎማ ሲዞር መሬት ላይ ያለው ይንከባለላል። ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ከፊትም ከኋላም ሳያስደግፉ፣ ልጆችንም ሳያርቁ አያንሡ።

በተነሣው እግር ላይ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ ያድርጉ። ጎማው ወዲያው ከተፈታ ዘይቱ ታፍኖ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያበጠ አሮጌ የጎማ ቱቦ ነው። ካልተፈታ ጸደይ ወይም የዛገ ፒስቶን ይፈለግ። አየሩ እንደገና መውጣቱን ሳያረጋግጡ መኪናውን አይንዱት።

አራቱም እግሮች ቀዝቃዛ ከሆኑ ወደ ሞተሩ መሄድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ለተገዛ መኪና አንድ የሚጠረጠር ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አሶሳ 1,500 ሜትር ገደማ። ለስስ አየር የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደዚህ ሲወርድ አየሩ ይበዛበትና ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ በካርቡራቶሩ በኩልም ይተኩሳል። ወደ ኩርሙክ ሲወረድ ይብሳል። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ እንደጠፋ፣ ቤንዚን በሌለበት በኩል፣ የካንዴላውን እሳት ይፈትሹ። እሳት ከሌለ ኮይሉን ወይም ኮንደንሰሩን፣ እሳት ካለ የቤንዚኑን መስመር ይመርምሩ። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት፣ ሰማያዊ የዘይት መቃጠል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከራዲያቶር ውኃ መጉደል ጋር ከመጣ ጓርኒሲዮኑ ያጠራጥራል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ሁለት ዓይነት ነው፤ ሾፌሮቻችን ግን አንድ ያደርጉታል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ካልቆመ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ወለል ድረስ ከገባ ዘይቱ ፈልቷል፣ ወይም ፈስሷል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከአየር ስቦ ሲያረጅ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። በአሶሳ ክረምት ይህ ቶሎ ይደርሳል፤ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። በአብዛኞቹ የቆዩ ላንድሮቨሮች መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ሲፈስ አራቱም ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል።

ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ታምቡር ውስጥ የገባ ውኃ ፍሬኑን ለጊዜው ያሳጣል። በዝግታ እየሄዱ ፔዳሉን ቀለል አድርገው ደጋግመው ይርገጡ፤ መያዝ እስኪጀምር ድረስ ቁልቁለት አይጀምሩ።