ሠዓሊ እያፈራን አጋፋሪውን ከየት እናምጣ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም ብሔራዊ ዓውደ ርዕይ አቅርባለች። ሥራዎቹ በአዲስ አበባው አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና በጀርመን የተማሩት የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ሲሆኑ፣ አዘጋጁ ደግሞ እንግሊዝ ተወልደው ያደጉት ገጣሚ ለምን ሲሳይ ነበሩ። በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ካቀረቡት አዘጋጆች አንዷ መስከረም አሰግድ ናቸው። ስለ ሠዓሊዎቹ ብዙ ተብሏል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ከሠዓሊው ጀርባ ስለቆመው ሙያ ነው። ይህን ሙያ ማን ያስተምራል? ሐዋሳ ለምንኖረው ለእኛስ ምናችን ነው?

ባለሙያው በባዕዱ አጠራር ኪዩሬተር ይባላል፤ አንዳንዶች በአማርኛ አጋፋሪ ይሉታል። ስያሜው ይመቸኛል። በቀድሞው የግብር አዳራሽ አጋፋሪ እንግዳ ይቀበላል፣ ማን የት እንደሚቀመጥም ያውቃል። የሥነ ጥበብ አጋፋሪም ሥራዎችን አጥንቶ ይመርጣል፤ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚሰቀል ይወስናል፤ ለተመልካቹ ማብራሪያ ይጽፋል፤ ገንዘብ ያፈላልጋል፤ የኢንሹራንሱንና የማጓጓዣውን ጣጣ ይጨርሳል፤ በመጨረሻም ለታሪክ የሚቀር ካታሎግ ያሳትማል። ስለዚህ ነገሩ ሚስማር መትቶ ሥዕል መስቀል ብቻ አይደለም።

ትምህርቱ ራሱን ችሎ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ በሰፊው መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት እ.ኤ.አ. በ1992 ጀምሮታል። ከዚያ ከወጡት አንዷ ናይጄሪያዊቷ ቢሲ ሲልቫ ነበሩ። ሌጎስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የዘመነኛ ሥነ ጥበብ ማዕከል ከፈቱ። ቀጥለውም አሲኮ የተባለ ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት መሥርተው ከሌጎስ ወደ አክራ፣ ዳካርና ማፑቶ ካዞሩት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ አመጡት። እ.ኤ.አ. በ2019 ቢያርፉም ያስተማሯቸው ወጣቶች በየአገሩ አሉ። ከእሳቸው የምንማረው ቁም ነገር፣ ዲግሪው ለሌላው የሚተርፈው የተማረው ሰው አገሩ ገብቶ ቤት ሲሠራበት መሆኑን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የአለ ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊና ቀራጺ ሲያፈራ ኖሯል። ስመ ጥር አጋፋሪዎቻችን ግን በሌላ መንገድ የመጡ ናቸው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ የድህረ ምረቃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት አሜሪካ ነው። ከኤልያስ ስሜ ጋር ዞማ ሙዚየምን የመሠረቱት መስከረም አሰግድ ደግሞ ከአንትሮፖሎጂ የመጡ ናቸው። ሁለቱም በግል ጥረታቸው መንገድ ጠረጉ። አንድ ሙያ ግን በጥቂት ሰዎች ብርታት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሊኖር አይችልም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 የዋሽንግተኑ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የዳያስፖራ ሠዓሊዎቻችንን፣ በ2007 ደግሞ የፍሎሪዳው ሃርን ሙዚየም የሦስት ትውልድ ሠዓሊዎቻችንን ሥራ አሰባስበው አሳይተዋል። መጽሐፍም አሳትመዋል። ውለታቸው የሚካድ አይደለም። ሆኖም የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ የታሰበውም በቅድሚያ ለዚያ አገር ተመልካች ነው። ታሪካችንን ለማንበብ የሰው ደጅ መጥናት ግድ ሆነብን ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልምጣ። ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ላይ ይከበራል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ዲላ አካባቢ የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች፣ ዘልቆም የኮንሶ ዋካዎች አሉ። ዋካ ለሟች ጀግና የሚቆም የመቃብር መታሰቢያ ነው። ብዙዎቹ ተሰርቀዋል፤ የተገኙትም በኮንሶ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ከመቃብር ተነቅሎ አዳራሽ የቆመ ዋካ አሁንም መታሰቢያ ነው ወይስ ቅርጻ ቅርጽ? እንዲታይ የሚፈቅደው ማን ነው? የሟቹ ቤተሰብ፣ ጎሳው ወይስ መንግሥት? ይህ የለንደን መማሪያ ክፍል ጨርሶ የማይመልሰው ጥያቄ ነው። በሌላ በኩል የከተማችን ወጣት ሠዓሊ ሥራውን በሆቴል ኮሪደርና በካፌ ግድግዳ ሰቅሎ ይሸጣል። ሥዕሉ ሲሸጥ ያለ ካታሎግ፣ ያለ ፎቶግራፍ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ መኖሩን የሚያስታውስ የለም።

«ማሳያ አዳራሽ በሌለበት አጋፋሪ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የናይጄሪያ ተወላጁ ኦክዊ ኤንዌዞር የተማሩት ፖለቲካ ሳይንስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ዶኩሜንታን፣ በ2015 ቬኒስን መርተዋልና ዲግሪው የግድ አይደለም የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ኤንዌዞርን የመሰለ ሰው በየዘመኑ አይገኝም፤ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ለሌሎቻችን ነው። አዳራሹን በተመለከተ ደግሞ ጋናን እንመልከት። ኩማሲ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሠዓሊ ኢብራሂም ማሃማ እ.ኤ.አ. በ2019 የሥነ ጥበብ ማዕከል የከፈተው በዋና ከተማዋ አክራ ሳይሆን በሰሜኗ ታማሌ ነው። አዳራሹ ሰውን ተከትሎ መጣ።

በእኔ እምነት እንዲህ ያለ የድህረ ምረቃ ትምህርት በአገር ውስጥ ሲታሰብ አዲስ አበባ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። ጥቂት ተማሪዎች ተቀብሎ ገሚሱን ጊዜ በመዲናዋ ሙዚየሞች፣ ገሚሱን ሐዋሳና አካባቢዋ ቢያሠራቸው ይበጃል። የመመረቂያ ሥራቸው በመደርደሪያ የሚቀመጥ ጥራዝ ሳይሆን ለሕዝብ የተከፈተ ዓውደ ርዕይ ይሁን፤ ማብራሪያውም በአማርኛና በሲዳምኛ ይጻፍ። ይህ ሳይሟላ ዲግሪ ብቻ ማደል ሥራ ፈት ምሩቃንን ቁጥር ከመጨመር አያልፍም። ዝም ብለን ከተቀመጥን ደግሞ የትኛው ሥራችን ለልጆቻችን እንደሚተርፍ ሌሎች መምረጣቸውን ይቀጥላሉ።