ወረቀቱ ማን ቤት ይደርሳል?

አዲስ አበባ ውስጥ አረጋውያን ያሉበት ሳሎን ግድግዳ ላይ ባንክ ያደለው ካላንደር አይጠፋም። ጠጋ ብለው ቢያዩት ብዙ ተጽፎበታል፤ 12ኛው ቀን በእስክሪብቶ ተከቧል፣ የሚካኤል ማኅበር ተራ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሐኪም ቀጠሮ፣ ጠርዙ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ስልክ። ለአረጋውያን በየጊዜው የሚታተም አጭር የዜና ወረቀት ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም። ወረቀት ቻርጅ አይፈልግም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ቴሌግራም ላይ ጠዋት የተለጠፈ የስብሰባ ማስታወቂያ ግን እስከ ምሳ ሰዓት የ«ነፍስ ይማር» እና የ«መልካም ሰንበት» መዓት ይከመርበትና ፈልጎ ማግኘት ያቅታል።

እምነትም አለ። ማንም አጭበርባሪ «ከባንክ ነው የምንደውለው» እያለ የሚስጥር ቁጥር በሚጠይቅበት ዘመን፣ በሚያውቁት ሰው እጅ የመጣና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይከበራል። (ማኅተምም ይጭበረበራል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ነገር ግን ወረቀት ይታተም ብለው አጥብቀው የሚከራከሩት እነማን እንደሆኑ ልብ ማለት ያሻል። አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ማንበብ የለመዱ አባቶች ናቸው፤ የእድሩ ኮሚቴም የሚሞላው በእነሱ ነው። ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ዝም የሚሉት እናቶች ጉዳይ ይለያል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ፊደል ግን ካልተጠቀሙበት ይጠፋል። ዛሬ ስማቸውን ጽፈው መፈረም የሚችሉ፣ አንድ አንቀጽ ለመጨረስ ግን የሚቸገሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለእነሱ የታተመ ወረቀት የሚያነብላቸው ሰው እስኪመጣ ትራስ ሥር የሚቀመጥ አደራ ነው። እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያንም ይህንኑ ያሳያሉ፤ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ከሄዱት መካከል ብዙዎቹ አዛውንቶች በአማርኛም በዕብራይስጥም ማንበብ ስለማይችሉ፣ በቋንቋቸው የሚናገር ሬዲዮ ከየትኛውም ጽሑፍ ይልቅ ቀርቧቸዋል።

ማንበብ ለሚችሉትም የዓይን ችግር አለ። ወጪ ለመቆጠብ ፊደሉ ሲደቅ ወረቀቱ ለአታሚው እንጂ ለአንባቢው አልታተመም። ፎንቱን ማተለቅ ደግሞ ገጹን ያበዛል፣ ገጽ ሲበዛ ዋጋ ይንራል። ወረቀቱ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወርሃዊ መዋጮ ለሚሰበስብ እድር ሕትመት ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ችግር ግን ማድረሱ ላይ ነው። አሜሪካ ፖስተኛው በር ድረስ ይመጣል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት ጽሑፎችን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ እዚያ ያለች እናት ወረቀቱን ከፖስታ ሳጥኗ አውጥታ፣ ያልገባትን እሑድ ልጇ ሲመጣ ታሳየዋለች። እኛ ዘንድ ፖስታ በአብዛኛው የሚያርፈው ፖስታ ቤት ባለ የሣጥን ቁጥር ነው፤ እሱም የመሥሪያ ቤት እንጂ የእማማ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ እግር ያለው ሰው ይፈልጋል።

«ሽማግሌ ስልክ አይችልም» የሚለውም የሰነፍ ክርክር ነው። የልጅ ልጃቸው ዩቲዩብ ከከፈተላቸው ወዲህ ስብከቱንም ዜናውንም ቀኑን ሙሉ የሚከታተሉ አሉ፤ ውጭ አገር ካለ ልጃቸው ጋር በድምፅ መልእክት የሚጨዋወቱም ብዙ ናቸው። የሚከብዳቸው ማዳመጥ ሳይሆን ያለፈውን ተመልሶ መፈለግ ነው። እንግዲህ እንደ እኔ ከሆነ ዜና፣ ምክርና የኮሚቴ ሪፖርት ወረቀት ላይ መዋል የለበትም፤ ታትሞ እስኪታደል ይሻግታል፣ በድምፅ ቢላክ ይሻላል። ወረቀት የሚገባው ለሚቀመጥ ነገር ነው፤ የመዋጮ ቀን፣ ለፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ይዘው የሚሄዱት ሰነድ፣ ሌሊት ሰው ቢታመም የሚደወልበት ቁጥር። ይህ ደግሞ በደማቅ ፊደል አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ በየወሩም አያስፈልግም።

ማደያው የእድር መዋጮ የሚከፈልበት እሑድ ቢሆን ተጨማሪ ወጪ የለውም። ታመው የተኙት ግን መዋጮ የሚልኩት በሰው ነው፤ ያ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ አንዴ እንዲያነብላቸው መንገር ያስፈልጋል። ሁለተኛውን እትም ከማዘዝ በፊት ደግሞ ጸሐፊው ቤት ስንት ወረቀት ሳይታደል እንደቀረ ይቆጠር፤ ከዚያም አምስት ስድስት ቤት ጎራ ብሎ ወረቀቱ የት እንደተቀመጠ መጠየቅ ነው።