በገና በውዳሴ አይጠበቅም

«በገና የዳዊት መሣሪያ ስለ ሆነ ከቶ አይጠፋም» የሚሉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ሥራ የሚያስፈታ መጽናኛ ነው።

በላስታ ነአኩቶ ለአብን የተሳለመ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ቃሉም በብራና ተጽፎ ተቀምጧል። ለጠበሉና ለቃሉ ማኖሪያ ያበጀ ሕዝብ ለዐሥሩ የበገና አውታር ምን አበጀ?

መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገናን የተማሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ቅኝቱና የጣቱ አደራደር እንዲህ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ መምህሩ ያለ ደቀ መዝሙር ሲያልፍ ግን አብሮት ይቀበራል። የተቀዳ ድምፅም ዜማውን እንጂ ጣቱን አያሳይም።

በአውሮፓ ባለ አምስት ጥንድ አውታር የሆነው የጥንቱ ጊታር ከ18ኛው መቶ ዓመት በኋላ ዝም ብሎ ነበር። ዳሩ ግን እስፓኛዊው ጋስፓር ሳንስ በ1674 እ.ኤ.አ. የጣቶቹን ስፍራ በፊደልና በቁጥር አሳትሞ ስለ ነበር፥ የዛሬ ወዳጆቹ ያንኑ መጽሐፍ ገልጠው ይጫወቱታል።

«ዜማ በጽሑፍ አይያዝም» የሚል ቢኖር፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክት እንደ ሠሩ የሚነገረውን ያስታውስ።

እንግዲህ ተማሪው ከሽማግሌው እግር ሥር ይቀመጥ፤ መምህሩ ቅኝቱንና አደራደሩን ይጻፍ፤ ሹሙም ለዚህ በጀት ይቍረጥ። ውዳሴ አውታር አይወጥርም።