ኤልክ አለኝ በሰማይ

ጥር ሊያልቅ ሲል ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ያለው የጓደኛዬ ሳሎን ፓርላማ ይሆናል። ቡናው ይፈላል፣ ላፕቶፑ ይከፈታል፣ ክርክሩ ይጀመራል፦ ዘንድሮ የኤልክ ታግ የት ግዛት እናመልክት? አንዱ ዋዮሚንግ ይላል፣ ሌላው ዩታ። ሦስተኛው "የአሪዞና ቀንድ እኮ ሌላ ነው" ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይለካል። መጨረሻ ላይ ሁሌም አንድ ምክር ይጸድቃል፦ "ሁሉም ጋ ነጥብ ግዙ። ዘንድሮ ባይደርሳችሁ አንድ ቀን ይደርሳችኋል።"

ይህን ምክር ሰምቼ ስድስት ዓመት ከፈልኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ የዋዮሚንግን ኤልክ ያየሁት ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ከምነዳው ከባድ መኪና መስኮት ነው። አሁን በቃኝ። አደን ልትጀምሩ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ እባካችሁ ነጥብ እየቆጠራችሁ ግዛት አትምረጡ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው። በአሜሪካ የዱር እንስሳ የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ ግዛቱ ለሕዝቡ በአደራ ይዞ ያስተዳድረዋል። መንጋው ሳይጎዳ በየዓመቱ ስንት ሊታደን እንደሚችል ይሰላና ለየቀጠናው የተወሰነ ታግ ይወጣል። አንድ ታግ፣ አንድ እንስሳ። ፈላጊው ሲበዛ እጣ ይወጣል። እስከዚህ ጸብ የለኝም።

ጸቤ ከነጥቡ ጋር ነው። እጣው ያልወጣለት፣ ወይም የከፈለ፣ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይይዛል። ኮሎራዶ ለአብዛኛው የእጣ ታግ ነጥብ የበዛለትን ታስቀድማለች። ዋዮሚንግ ለሌላ ግዛት ሰዎች በእጣ ከምትሰጠው የኤልክ ታግ 75 በመቶውን ብዙ ነጥብ ላላቸው ትመድባለች፤ ለዕድል የሚተርፈው 25 በመቶ ነው። ዩታ ግማሽ በግማሽ ታካፍላለች። ኔቫዳ ደግሞ ነጥቡን በራሱ ታባዛዋለች፦ 10 ነጥብ ያለው ሰው ከመቶ በላይ ዕድል ሲኖረው፣ አዲስ ገቢው አንዲት ይዞ አጠገቡ ይቆማል።

"ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ፣ ምን ክፋት አለው?" ትሉ ይሆናል። እስቲ እንደምረው። አንድ ጥሩ ቀጠና በዓመት 10 ታግ አለው እንበል። ከፊታችሁ 300 ሰው ተሰልፏል። እነሱ ብቻ ተስተናግደው እስኪያልቁ 30 ዓመት ነው። እናንተ በዓመት አንድ ነጥብ ስትጨምሩ ከፊታችሁ ያለውም ይጨምራል፤ ታጉ የሚጠይቀው ነጥብም አብሮ ሽቅብ ይወጣል። ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በኮሎራዶ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ያሉት 2፣ 10 እና 201 ቁጥር ቀጠናዎች ለወንድ ኤልክ የጠመንጃ አደን ከ20 ነጥብ በላይ ይጠይቃሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ወተቷን ሳታዩ የሣር ሂሳብ በየዓመቱ ትከፍላላችሁ።

እኛ እኮ ይህን ታሪክ እናውቀዋለን። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀ ዘመድ የሌለው አዲስ አበቤ ማን ነው? ዲቪንም እናውቀዋለን። እኔ የወጣልኝ በመጀመሪያ የሞላሁ ዓመት ነው፤ ጎረቤቴ ስምንት ጊዜ ሞልቶ አልወጣለትም። ዕድል ጨካኝ ናት፣ አልክድም። ግን ዲቪ "አንተ ዘንድሮ ገና የመጣህ ነህ፣ ከኋላ ቁም" አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም። ዘግይቶ ለመጣ ሰው፣ ለስደተኛም ለወጣትም፣ በሩ የሚከፈተው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ዲቪ የሚመስሉ ግዛቶች አሉ፦ ኒው ሜክሲኮ እና አይዳሆ። ነጥብ የሚባል ነገር የላቸውም። አምና ያመለከተውና ዘንድሮ የጀመረው እኩል ናቸው። ገነት ናቸው አልልም። ኒው ሜክሲኮ 84 በመቶውን ለነዋሪዎቿ ትሰጣለች። 10 በመቶው የአደን መሪ ድርጅት ለሚቀጥሩ ነው፤ ያለ መሪ ለሚመጣ የሌላ ግዛት ሰው የሚቀረው 6 በመቶ ነው። ያ 10 በመቶ ለእኔ ኪሱ ለሞላ ሰው የተከፈተ የጓሮ በር ነው። የፈቃዱንም ዋጋ አስቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፤ እጣው ካልወጣ ግን ገንዘባችሁ ይመለሳል። አይዳሆ ደግሞ ለማመልከት ብቻ የማይመለስ የአደን ፈቃድ ታስገዛለች። ቢሆንም ሁለቱም የሚጠይቋችሁ የዘንድሮን ነው። ሃያ ዓመታችሁን አይጠይቁም።

ከሁሉም በፊት ግን የምትኖሩበትን ግዛት ተመልከቱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከሞንታና በመጣ የኤልክ ጉዳይ፣ ግዛት የሌላ ግዛት አዳኝን አብልጦ ቢያስከፍል ሕገ መንግሥት አልጣሰም ብሏል። ስለዚህ ቅናሹ ያለው ቤታችሁ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከየትኛውም ግዛት በላይ ኤልክ ያለባት ኮሎራዶ ውስጥ ነው! በብዙ ቀጠናዎች ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት የወንድ ኤልክ ታግ ያለ እጣ ይሸጣል። አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እኔም ተመልሻለሁ። ግን ተራራውን ለምጃለሁ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ማንበብ ተምሬያለሁ። ነጥብ ስገዛ የተማርኩት የካርድ ቁጥሬን በቃል መያዝ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ ሳሎን ይመስለኛል።

"ሃያ ዓመት የጠበቀው ሰውስ? ነጥቡ ይቀማ?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አደን ያስተማሩኝ ጋሼ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። የተመኙት ታግ የደረሳቸው በ68 ዓመታቸው ነው፤ ያኔ ጉልበታቸው ቁልቁለት አልወርድም ብሎ ነበር። ወሩን ሙሉ ሲመኙት የኖሩትን ሸለቆ ከመኪና ወንበር ላይ በመነጽር አዩት። እና እኔ የጋሼን ነጥብ ቀሙ አልልም። ሰልፉ ትዕግሥተኛውንም እየበላ ነው እላለሁ። ግማሹ ታግ ለሰልፉ ይሁን፣ ግማሹ ግን ለሁሉም እኩል እጣ ይውጣበት። የየግዛቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ እዚያ የሚናገሩት ብዙ ነጥብ ያላቸው ብቻ ከሆኑ ሕጉ የእነሱን መልክ ይይዛል።

የእኔ ውሳኔ ይኸው። መጋቢት ላይ ማመልከቻዬ ኒው ሜክሲኮ ይገባል። ኅዳር ላይ ያለ እጣ የተገዛ ታጌን ይዤ ከቤቴ ሦስት ሰዓት ነድቼ ተራራ እወጣለሁ። ከቀናኝ ሥጋው ጾመ ነቢያት ሳይገባ ይጠበሳል፣ የተረፈው ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል። የታደነ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ።

ቡናው ላይም እመጣለሁ፣ አልቀርም። ነጥብ የሚል ቃል የተነሳ ቀን ግን ሁለተኛውን ሳልጠጣ ነው የምወጣው።