ቢሮው ብቻውን አይበቃም
የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ተማሪዎችን የሚደግፍ ቢሮ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ፈር ቀዳጅ ነበር። የመብት ታጋዩ ጂም ቶይ በዚያ ቢሮ ዕድሜውን ሰጥቶ ሠራ። በጾታ ዝንባሌ ምክንያት መድልዎ እንዳይፈጸም በዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ የሰፈረው ግን በ1993 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት! ደንብ ሳይኖር ተማሪው በምን ይተማመናል? የዶርም ጓደኛው ቢዝትበት፣ ቤተሰቡ ክፍያውን ቢያቋርጥበት ማን ዘንድ ይሄዳል? ምስጢር ጠባቂ አማካሪ፣ ለችግር ጊዜ የሚሆን ገንዘብ፣ በዕረፍት ወቅት የማይዘጋ ዶርም ያስፈልገዋል። አሜሪካ ለሚማሩ የሐበሻ ልጆች ደግሞ የቤታቸውን ይሉኝታ የሚረዳ፣ ለወላጆቻቸው ሳያሳውቅ የሚያዳምጣቸው ሰው ይመደብላቸው፤ ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ የሚፈሩት የእናታቸውን ስልክ ነውና።