ጉርሻ ከትርፍ አይሰጥም

ቤተ ሰቡን ይዞ አገር ለማየት የሚነሣ ሰው ከመንገዱ በፊት ሒሳብ ያደርጋል። የመኪናውን፣ የአልጋውን፣ የምግቡንና የጀልባውን ዋጋ ይጽፋል፤ ለልጆች ከረሜላ እንኳ ሳይቀር ይመድባል። ነገር ግን ሻንጣውን ለሚሸከመው፣ አልጋውን ለምታነጥፈው፣ ሌሊት በሩን ለሚጠብቀው የሚሆን አንድ መስመር በዚያ ወረቀት ላይ አይገኝም። ቢጠየቅም «ለእነሱማ ከተረፈ እንሰጣለን» ይላል። እኔ ይህን አነጋገር እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም ሌላውን ለመንቀፍ ብዬ ሳይሆን ራሴ ስለ በደልሁበት ነው።

በደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጆች ሳለን፣ እንግዳ በመጣ ጊዜ እጅ የምናስታጥብ እኛ ነበርን። እንግዳው ታጥቦ ገበታው ከቀረበ በኋላ፣ ገና ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይጎርስ፣ ከወጡ መካከል መርጦና ጠቅልሎ ማስታጠቢያውን ይዞ የቆመውን ልጅ ያጎርሰው ነበር። ያ ጉርሻ ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪ አልነበረም፤ ገበታው ሳይጎድል የሚሰጥ ነበር። ዛሬ በሆቴል ለሚያስተናግደን ሰው የምንሰጠውን ገንዘብ ጉርሻ ስንለው፣ ስሙን ከዚያ ወስደን ሥርዓቱን ግን እዚያው ትተነዋል።

አሁን በደሌን ልናገር። በ2012 ዓ.ም. መስከረም፣ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ልጆቼን፣ የልጅ ልጆቼንና አማቾቼን ይዤ በደምበጫ፣ በቡሬና በዳንግላ አድርጌ ባሕር ዳር ገባሁ። ጢስ ዓባይ ውሃው ሞልቶ አየነው፤ በጀልባም ወደ ዘጌ ተሻገርን። በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና፣ ማታ ማታ ገቢና ወጪ የመጻፍ ልማድ ከዚያ ቀርቶብኛል። ሁሉንም በሳንቲም ጽፌ ነበር፤ የጉርሻ መስመር ግን አልነበረበትም።

በመጀመሪያው ማታ አማቾቼ በተቀመጡበት ገበታ ላይ ለአስተናጋጁ ሦስት ባለ መቶ ብር አውጥቼ ሰጠሁት። አንደኛው አማቼ «እንዴት ያለ ለጋስ ሰው ነዎት!» ሲሉ ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። በሁለተኛው ሌሊት አንዱ ሕፃን ታሞ አልጋ ላይ አስመለሰው። ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት ጎሕ ሲቀድ መጥታ፣ ፊቷን ሳታጠቁር አንሶላውን ለወጠች፤ ወለሉንም አጠበች። በሦስተኛው ቀን ስንወጣ ደግሞ የረሳሁትን መነጽሬን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ፤ የቀረኝ የመንገዱ ብቻ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብያት መኪና ውስጥ ገባሁ።

ጥቂት እንደ ሄድን የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ «አባባ፣ ለዚያ ሰውዬ ሦስት መቶ ብር ሰጥተውት የለም ወይ? እሷ ምን አጠፋች?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ማታ መዝገቤን ስከፍት ሦስት መቶውን ብር በምን ስም እንደምጽፈው ጨነቀኝ። «ጉርሻ» ብዬ ብጽፈው ውሸት ነው፤ እውነተኛ ስሙ «የምስጋና መግዣ» ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አስቀድሞ በሒሳብ ያልተያዘ ጉርሻ ሦስት ነውር አለበት። አንደኛ፣ ፊት ለፊታችን ለቆመው ይሰጣል፤ ከጓዳ ለሚለፋው አይደርስም። ሁለተኛ፣ ተመልካች ባለበት ይበዛል፤ ተመልካች በሌለበት ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ኪስ የሚጎድለው በመጨረሻው ቀን ነው፤ አልጋ አንጣፊዋና ዘበኛው የሚሰናበቱንም በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ ክፋት ሳናስብ እንኳ፣ ብዙ የደከመልንን ሰው ባዶ እጁን እንሸኘዋለን።

«ለሠራተኛው መክፈል ያለበት ባለቤቱ ነው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ጉርሻ ደመወዝ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከአሜሪካ ማየት ይቻላል፤ ጉርሻው የቀረውን ይሞላል ተብሎ፣ የፌዴራሉ ሕግ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ላይ ቆሞ ቀርቷል። በጃፓን ደግሞ ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ መልካም መስተንግዶ ግን አልጠፋም። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚገኘው የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም ይላል። እንግዲህ «ጉርሻ ታገኛለህ» እያለ ደመወዝ የሚቀንስ አሠሪ፣ እኛ ለወንድማችን የሰጠነውን ወደ ራሱ ኪስ ያዞራል። ነገር ግን ባለቤቱን ለመቅጣት ብለን የሠራተኛዋን እጅ ባዶ ብናስቀር ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። አሠሪው አይጎዳም፤ የምትጎዳው እሷ ናት።

ሌላው «እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ከየት አምጥቼ?» ይላል። እኔም ጡረተኛ ነኝ። ነገር ግን የመንገዱን ገንዘብ ስንመድብ ከሃያ አንዱን እጅ ለዚህ ብንለይ፣ ከ20,000 ብር 1,000 ብር ይሆናል። ይህም ከበዛበት አንድ ምሳ ከዓሣ ወደ ሽሮ ይውረድ፤ ያም ካልሆነ ትንሹን ቆም ብሎና ስም ጠይቆ ይስጥ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላልና። በትልልቅ ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ታስቦ ከሆነ፣ ለሠራተኞቹ ይደርስ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው፤ የሚደርስ ከሆነ የራሱን ጉርሻ ቢቀንስ አያስነቅፈውም።

የምመክረው ይህ ነው። ከቤት ሳትወጣ የሚያገለግሉህን ሰዎች ቁጠር፤ ተሸካሚው፣ አስተናጋጁ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ዘበኛው፣ ጀልባ ነጂውና አስጎብኚው ከስድስት አያንሱም። ገንዘቡን በትንንሽ ብር ዘርዝረህ በስድስት ፖስታ ክፈለው፤ የመጨረሻውን ቀን ድርሻ አትንካ። ልጆችህም ራሳቸው፣ ተነሥተውና በሁለት እጃቸው ይስጡ፤ አክብሮትን የሚማሩት እንዲህ ነውና።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በደረሰው ጦርነት፣ በጣና ጀልባዎችና በባሕር ዳር ሆቴሎች እንግዳ አንሷል። እንግዳ ባነሰ ቁጥር ጉርሻም ያንሳል፤ ቤት ኪራዩ ግን አያንስም። በዚህ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ የሚሰጣት ትንሽ ገንዘብ የአንድ ልጅ ደብተር ትሆናለች።

ያቺን ሴት ዳግመኛ አላገኘኋትም፤ ስሟንም አልጠየቅሁም ነበር። በዚያ ዓመት መዝገቤ መጨረሻ ላይ ግን «ዕዳ» ብዬ የጻፍኋት አንዲት መስመር አለች፤ እስካሁንም አልተዘጋችም። አንተ ገና መዝገብህን ሳትከፍት ይህን ካነበብህ፣ የመጀመሪያውን መስመር ለእሷና ለመሰሎቿ ጻፍ።